የአርብ የቤት ሥራ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አርብ ከሰዓት በኋላ እግሬ ቤት አልቀመጥ ይለኛል። ሌላውን ቀን እንደምንም ለምጄዋለሁ። ልብስ አጥባለሁ፣ ጓሮዬ ያለችውን ጎመን ውኃ አጠጣለሁ፣ ከጎረቤት ጋር ወሬ እሰልቃለሁ። አርብ ግን የትምህርት ቤቱ ደወል ከሩቅ ሲሰማኝ ብድግ ብዬ ደጃፌ ላይ እቆማለሁ።

ቤቴ ከመካነ ሰላም ወደ ገጠር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው የሚማሩት የገበሬ ልጆች አርብ አርብ ስንቅ ሊያመጡ ወደየመንደራቸው ሲሄዱ በደጄ ነው የሚያልፉት። ባዶ ከረጢታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እየተሳሳቁና እየተገፋፉ ጉሙ ውስጥ ይገባሉ። ጉሙ መጀመሪያ እግራቸውን ይወስዳል፣ ከዚያ ወገባቸውን፤ በመጨረሻ ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። እኔ እነሱ ከጠፉም በኋላ ቆሜ እቀራለሁ። ያኔ ነቅቼ ይሁን ቆሜ አንቀላፍቼ እኔም አላውቀው። ከዛሬ ልጆች መካከል የድሮዎቹ ይታዩኛል፤ የዚያን ዘመኑ ሹራብ፣ የዚያን ዘመኑ ሳቅ።

«ቲቸር፣ ደህና ዋሉ?» ይሉኛል ሲያልፉ።

«ደህና ነኝ። የቤት ሥራ ይዛችኋል?» እላቸዋለሁ ከልማዴ።

«ይዘናል!» ይሉና ስልካቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩኛል።

ጥያቄው የሚላከው በቴሌግራም ነው፤ መልሱም የሚገኘው እዚያው ነው። ልጁ መሀል ላይ ፖስተኛ ሆኖ ቀርቷል። ይህን ስል ዘመኑን የምራገም አሮጊት እንዳልመስል እፈራለሁ። ስልክ እኔም አለኝ፣ የልጅ ልጆቼን ፎቶ የማየው በሱ ነው። ብቻ ሥራዬ የነበረው የቤት ሥራ መስጠት ነው፤ ሰው ሥራው መልኩን ሲለውጥበት ቆም ብሎ ማየቱ አይቀርም።

ሐኪም ያዳነውን ሰው መንገድ ላይ ያገኘዋል። ግንበኛ የሠራውን ግንብ በጣቱ ያሳያል። እኔ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበርኩ፤ በተለይ የላይኛው ክፍል ተማሪዎች የሚያነቧቸውን አጫጭር ታሪኮች ነበር የማስተምረው። የኔ ሥራ ሰኞ መጥቶ፣ ታርሞ፣ ማክሰኞ የአንዱ ቤት እሳት ማያያዣ ይሆናል። ለዚህም ነው ስለሱ ልጻፍ ያልኩት።

የመጀመሪያ ምድቤ ደጎሎ ነበር። የመጀመሪያ ደመወዜ አንድ ጥንድ ጫማና ለእናቴ አንድ ነጠላ ሆኖ አለቀ። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ስለነበር የማላውቀው ነገር አልነበረም። የሰጠሁት የመጀመሪያ የቤት ሥራ «በባቡር ስለመጓዝ አንድ ገጽ ጻፉ» የሚል ነበር፤ የታሪኩ ሰዎች በባቡር ይሄዱ ስለነበር ነው። ደጎሎ ውስጥ የስንዴና የገብስ ጆንያ የሚጭን አይሱዙ እንጂ ባቡር ያየ የለም፤ ለነገሩ እኔም አላየሁም። ሰኞ የመጡት ባቡሮች ሁሉ ጥሩምባ ነበራቸው፣ ረዳት ነበራቸው፣ ዳገት ላይ ጎማቸው ሥር ድንጋይ ይደረግላቸው ነበር። አንደኛው ባቡር ደግሞ ጭቃ ይዞት ተሳፋሪው ወርዶ ገፋው። ያኔ ተናድጄ ሁሉንም በቀይ ሰረዝኩት። ዛሬ ያ ጭቃ የያዘው ባቡር ሕልሜ ውስጥ ይመጣል፤ እኔም ወርጄ እገፋለሁ።

ከደጎሎ አቀስታ ተዛወርኩ። አቀስታ ብርድ ነው። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድርና ተማሪዎቼ እጃቸውን በብብታቸው ይዘው ይገቡ ነበር። የቤት ሥራን በአፍንጫ ማንበብ የተማርኩት እዚያ ነው። ወረቀቱ የኩበት ጭስ ከሸተተ ልጁ ምድጃ ዳር ጽፎታል። የኩራዝ ጥላሸት ከነካው ሌላው ሰው ከተኛ በኋላ ነው። ምንም ካልሸተተ ጠዋት ከጓደኛው ገልብጦታል ማለት ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ምድቤ መካነ ሰላም ሆነ። ጋሽ ይማምን ያገኘሁት እዚህ ነው።

ጋሽ ይማም የትምህርት ክፍላችን አንጋፋ ነበሩ። ረዥም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላ የማይለያቸው ሰው። የጠመኔ ስብርባሪ በወረቀት ጠቅልለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይይዛሉ፤ ለሶላት ሲሄዱ ጠመኔውን መጀመሪያ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አደራ ያስቀምጣሉ። የተማሪ ወረቀት ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ሰው የተናገረውን ቀስ ብለው ለራሳቸው የሚደግሙ ነው የሚመስሉት። ቀይ እስክሪብቶ አይነኩም። «ቀይ የደም ነው፤ ልጁ ምን በደለ?» ይላሉ። አረንጓዴ ነበር የሚጽፉበት፤ ምንጊዜም አረንጓዴ።

ነጥብ የሚሰጡት ለፈተና ብቻ ነው። ለቤት ሥራ ነጥብ አልነበራቸውም። ልጁ የጻፈውን አንብበው ሲጨርሱ ከግርጌው አንዲት ቃል ያኖራሉ። በዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ መካከል አንዲቷ አማርኛ እሷ ብቻ ናት።

«ከዚያስ?»

ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ ሲያይ ያላለቀ ነገር እንዳለበት ይገባዋል። ሌላ አንቀጽ ጽፎ ያመጣል። ጋሽ ይማም እንደገና «ከዚያስ?» ይላሉ። እንዲህ እየተባለ በአንድ የቤት ሥራ አንድ ወሰነ ትምህርት የሚገፋ ልጅ ነበር።

የአርቡ የቤት ሥራ የሳቸው ፈጠራ ነው። ለክፍሉ ሁሉ የሚሆን መጽሐፍ አልነበረንም። ስለዚህ ታሪኩን ሰሌዳ ላይ ይጽፉታል፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን ጠመኔውን ያስቀምጣሉ። «ይህን ለቤት እንተወው» ይላሉ። ከዚያ የሚከተለውን ትእዛዝ ልጆቹ በቃላቸው ያውቁት ነበር። መጀመሪያ ደጋግመህ አንብብ። ሲገባህ ደብተሩን ዝጋው። ቤት ስትሄድ ታሪኩን ያገርህን ልብስ አልብሰህ ለሰው ንገር። ሰሚው መጨረሻው እንዲህ ይሁን ያለውን በእንግሊዝኛ ጽፈህ ሰኞ አምጣ።

ሰኞ የሚመጣውን ብታዩ! የዚህ የኛ ቦረና ሰው ታሪክ ሲሰማ አይፈርድም፤ ሽማግሌ ይልካል። ባሏን ጥላ የሄደች የእንግሊዝ ሴት ታሪክ ሰጥተን የሠላሳ ቤት ሽማግሌ ተላከባት። በበረዶ መንገድ ጠፍቶበት የሞተ ሰው ታሪክ ሰጥተን «ማን ብቻውን ሰደደው? ጎረቤት የለውም እንዴ?» ብላ የአንዱ እናት አልቅሳለች። ጋሽ ይማም እያነበቡ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «እታለም፣» ይሉኛል፣ «ደራሲው ይህን ሁሉ ሰው ቢያገኝ ኖሮ ያን ምስኪን አይገድለውም ነበር።»

ርዕሰ መምህራችን አይወዱትም ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የወረዳው የፈተና ውጤት ነበር የሚያስጨንቃቸው። «ተረት ፈተና ላይ አይመጣም። ‹ባዶ ቦታ ሙሉ› የሚል ጥያቄ ስጧቸው» ይሉን ነበር። ጋሽ ይማም «እሺ» ይላሉ። እሺ ብለው አርብ ያንኑ ይሰጣሉ። እኔም እያየሁ ለክፍሌ መስጠት ጀመርኩ።

እታገኝ የኔ ተማሪ ነበረች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል፤ ሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስታስብ የሹራቧን እጅጌ የምትነክስ ልጅ። የጋሽ ይማምን «ከዚያስ?» እኔም ቀድቼው ነበርና ከሁሉም አብልጣ የምትመልስልኝ እሷ ናት። ዩኒቨርሲቲ እንደምትገባ አንዳችንም አልተጠራጠርንም። እሷም «ቲቸር፣ እንደ እርስዎ ነው የምሆነው» ብላኝ ታውቃለች። እኔ ደግሞ «ከኔ ትበልጫለሽ» እላት ነበር።

የመልቀቂያ ፈተናው ጥቂት ወራት ሲቀሩት አንድ አርብ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ሰጠሁ። አሳ አጥማጆች ናቸው፣ ባሕር ዳር የሚኖሩ። አባታቸው ሲሞት ታላቁ ጀልባውን፣ ታናሹ መቅዘፊያውን ወረሰ። ተጣሉ። ጀልባ ያለ መቅዘፊያ፣ መቅዘፊያም ያለ ጀልባ አይሆንምና ሁለቱም ባሕሩን እያዩ ተራቡ። ከዚህ ላይ ጠመኔውን አስቀመጥኩ።

ሰኞ እታገኝ አልመጣችም። በሚቀጥለውም ሰኞ የመስኮቱ ጥግ ባዶ ነበር። የመንደሯን ልጅ ጠየቅኩት። «አባቷ ‹ከትምህርት ቤት ነገር ተሸክማ መጣች› ብሎ አስቀርቷታል» አለኝ።

ለጋሽ ይማም ነገርኳቸው። ጃንጥላቸውን አነሡ። «ቅዳሜ እንሄዳለን» አሉ።

ያ መንገድ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። የጋሽ ይማም ጃንጥላ ከፊቴ ተንሳፍፎ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር፤ ሰውየው አይታዩኝም። ከሆነ ቦታ የበግ ድምፅ ይመጣል፣ በጎቹ ግን የሉም። «ሄደን አናስረዳም፤ እንሰማለን» አሉኝ ከጉሙ ውስጥ። ያን ቀን የት እንደምንሄድ ባላውቅ ኖሮ እንዴት ደስ የሚል መንገድ ነበር።

የእታገኝ አባት አያ ደምሴ ግቢያቸው ውስጥ እርፍ ሲጠርቡ አገኘናቸው። ተቆጥተው እንኳ ወጉን አልረሱም፤ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ግቡ፣ ቤት ግቡ። በሞቴ!»

«አያ ደምሴ፣ የመጣንበት ሳይሰማ አንገባም» አሉ ጋሽ ይማም። ለሽምግልና የሄደ ሰው ጉዳዩ ሳይሰማ አይገባም፣ የቀረበለትንም አይቀምስም። እኛም ደጅ ቆምን።

«እንግዲያ እኔ ልጠይቃችሁ» አሉ አያ ደምሴ። «ልጄን የሰደድሁ እንግሊዝኛ እንድትማር ነው። የወንድሜን ነገር በተረት ጠቅልላችሁ፣ በገዛ ልጄ አፍ፣ በደቦ ሰው ፊት ልትሰድቡኝ ነው?»

ቀስ በቀስ ነገሩ ተገለጠልኝ። አያ ደምሴና ታናሽ ወንድማቸው ካባታቸው አንድ ጥማድ በሬ ወርሰው አንድ አንድ ተካፍለዋል። እንዳገሩ ልማድ ሁለቱን በሬ እያቀናጁ፣ ተራ በተራ አንዱ ያንዱን መሬት ሲያርሱ ኖሩ። በኋላ በድንበር ተጣሉና ማቀናጀቱ ቀረ። እያንዳንዳቸው ለገዛ በሬያቸው ጓደኛ ፍለጋ ባዳ ደጅ ይጠኑ ጀመር፤ መሬቱ ጊዜው ያልፍበታል፣ ጦም ያድራል። የወንድማቸው ቤት ከወንዙ ማዶ፣ ከቆምንበት ይታያል።

እታገኝ የታዘዘችውን ነው የፈጸመችው። ታሪኩን ያገሯን ልብስ አልብሳዋለች። ባሕር በሌለበት አገር ጀልባ ምን ይሆናል? ጀልባውን አንድ በሬ፣ መቅዘፊያውን ሌላ በሬ አደረገችው። ያን ዕለት ቤታቸው ደቦ ነበር። ሥራው አልቆ ሰዉ ሲበላ፣ ሰሚ ሞልቷል ብላ ተረቷን ጀመረች። «ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። አባታቸው ሲሞት አንድ አንድ በሬ ደረሳቸው…» መንደርተኛው ሁሉ እጁን ከትሪው አነሣ። አገራችን ተረት በሰው ፊት የሚነገረው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ፊት ለፊት የማይባል ነገር የሚባለው በሱ ነው። አባትየውም ወንድምየው ከተማ ወርዶ፣ እኛን መምህራኑን አማክሮ ተረቱን የላከባቸው መሰላቸው።

ጋሽ ይማም ታሪኩ ያለበትን መጽሐፍ ከኮታቸው አወጡ።

«በሬ የለበትም አያ ደምሴ።»

«ማሉልኝ።»

«ወላሂ የለበትም። ጀልባ ነው።»

ከዚያ እዚያው ቆመው፣ መጽሐፉን ገልጠው፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየተረጎሙ አነበቡላቸው። አያ ደምሴ እርፉን በእጃቸው እንደያዙ ሰሙ። ጀልባ ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ጋሽ ይማም «ውኃ ላይ የሚጫን በቅሎ በሉት» አሏቸው።

«ታድያ ያ በቅሎውን፣ ያ ልጓሙን ወሰደ?»

«እንዲያ ነው።»

«እና ሁለቱም ቁጭ ብለው ተራቡ?»

«ተራቡ።»

አያ ደምሴ ከት ብለው ሳቁ። «ምን ዓይነት ጅሎች ናቸው አቦ!» አሉ። ሳቁ ገና ከአፋቸው ሳይወጣ ዓይናቸው ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ማዶ ካለው ጣራ ላይ ቀጭን ጭስ ይወጣ ነበር። በቃ ተሳካ፣ ልጅቱን ይዘን ልንመለስ ነው ብዬ አሰብኩ።

«መጨረሻቸውስ?» አሉ።

«መጨረሻውን ለቤት ነው የምንተወው» አሉ ጋሽ ይማም በለሰለሰ ድምፅ። «እስቲ እርስዎ ምን ይላሉ?»

የአያ ደምሴ ፊት ተዘጋ። «የኔ ቤት የእንግሊዝ ተረት መጨረሻ አይደለም። ለልጅቱም ሰው መጥቶ ጠይቋት ቃል ሰጥቻለሁ። ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች።»

ለመንን። ፈተናው እስኪያልፍ እንኳ አልን። «ቃሌን ልጠፍ?» አሉ። ያኔ ጋሽ ይማም ያደረጉትን መቼም አልረሳውም። ወደ አጥሩ ሄዱ። ትልቅ ድንጋይ አነሡና፣ በድሎ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው፣ ጎበጥ ያለው ትከሻቸው ላይ ተሸከሙት። እኒያ አንጋፋ ሰው ድንጋይ ተሸክመው በአንድ ገበሬ ፊት ቆሙ።

አያ ደምሴ እርፉን ጥለው ሮጡ። «ኧረ አያድርጉት ጋሽ ይማም! አፈር ስሆን! ልጠፋ ነው እንዴ?» ድንጋዩን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ትከሻቸውን ሳሙ። ግን እሺ አላሉም። ድንጋይ ወርዶ እንቢታ ሲጸና ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ስንመለስ እታገኝ ካጥሩ ጥግ ደረሰችብን። ሹራቧን ለብሳ ነበር፤ እጅጌው ተነክሶ ተነክሶ አልቋል።

«ቲቸር፣ እኔ ባሕር አይቼ አላውቅ» አለችኝ እያለቀሰች። «ያገርሽን ልብስ አልብሽው አላችሁኝ። እኔ የማውቅ በሬ ነው።»

«አጥፍተሽ አይደለም ልጄ፤ አብሽሪ» አሉ ጋሽ ይማም።

«የቤት ሥራዬንም አላስረከብሁ።»

«ታስረክቢያለሽ። ኢንሻአላህ ታስረክቢያለሽ።»

መንገዱን ሙሉ ጋሽ ይማም ኮት ላይ የድንጋዩ አፈር እንዳለ ነበር፤ አላራገፉትም። ከተማው ጫፍ ስንደርስ ብቻ «የአርቡን የቤት ሥራ እንዳታቆሚ እታለም» አሉኝ።

እታገኝ ለፈተናው አልተቀመጠችም። ጋሽ ይማም በዓመቱ ጡረታ ወጡና ልጆቻቸው ወዳሉበት አጅባር ሄዱ። ማረፋቸውን ከአንድ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ሰማሁ፤ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እኔም የአርቡን የቤት ሥራ አቆምኩ። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። «ባዶ ቦታ ሙሉ» የሚል እሰጥ ጀመር። ርዕሰ መምህሩ ደስ አላቸው፤ ውጤቱም ጥሩ ሆነ። ዓመታቱ እንደዚያ ጉም ነበሩ። አንዱ ክፍል ገብቶ ሌላው ሲወጣ፣ ማን በየት እንዳለፈ ሳላይ እዚያው ሰሌዳው ፊት አረጀሁ።

ጡረታዬ በቀረበበት ዓመት ስለ አንድ አጭር ታሪክ አስተያየት ጻፉ ብዬ ሰጠሁ። ሰኞ የመጣው የክፍሉ ወረቀት ሁሉ አንድ ነው። ሁሉም «እኔ በበኩሌ በግሌ» ብለው ጀምረው፣ በግላቸው ቃል በቃል አንድ ነገር አስበዋል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቆይቶ ግን ሆድ ባሰኝ። ወረቀቱን ባፍንጫዬ ባሸተው የጭስም የኩራዝም ሽታ የለውም። ምንም አይሸትም።

በዚያው ሳምንት አርብ ስልካችሁን ክተቱ አልኳቸው። ጠመኔ አነሣሁ። ያን የወንድማማቾቹን ታሪክ በቃሌ ጻፍኩት፤ ለካ አንዲት ቃል አልረሳሁም። መጨረሻው ላይ ስደርስ ጠመኔውን አስቀመጥኩ። «ይህን ለቤት እንተወው» አልኩ።

ሰኞ መቅደስ የምትባል ልጅ ወረቀት ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። እንዲህ ይላል፤ «የነገርኩት ለአያቴ ነው። ታሪኩን ሳልጨርስ አቋረጠኝ። ‹ይህን የቤት ሥራ አውቀዋለሁ፤ እኛ ቤት ብዙ ዘመን ተቀምጧል› አለኝ። ‹ለመምህርትሽ ንገሪያት፤ ታላቁ ጀልባውን እየጎተተ ወደ ታናሹ ሄደ በያት› አለ።»

መቅደስን ለብቻዋ ጠራኋት። «አያትሽ ማን ይባላሉ?»

«ደምሴ።»

«እናትሽስ?»

«እታገኝ።»

የሆነውን ከሷ ሰማሁ። እኛ ከሄድን በኋላ፣ በዚያው ዓመት የእርሻ ወቅት፣ አያ ደምሴ ታላቅ ሆነው ሳሉ በሬያቸውን እየነዱ ወንዙን ተሻገሩ። ከታናሽ ወንድማቸው ደጅ ቆመው «እናቀናጅ» አሉ። በሬው እስከ ዛሬ እንደተቀናጀ ነው፤ አሁን ልጆቻቸው ናቸው የሚያርሱት። እታገኝ ግን ያን ጊዜ ተድራ ሄዳለች።

«እናትሽ ይህን ስትሰማ ምን አለች?» አልኳት።

«ቲቸር፣ የጻፍኩትን ተቀብላኝ አነበበችው። ከዚያ ወጥታ ሄደች።»

የጡረታ ወረቀቴ ደሴ ደርሶ ሲመለስ፣ ጎድሏል ተብሎ እንደገና ሲሄድ ክረምቱ አለፈ። መምህራኑ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ደጃፌ ላይ መቆሙ መጣ።

ያለፈው አርብም እንደ ልማዴ ቆሜ ነበር። ልጆቹ ወደ ጉሙ እየገቡ ነው። አንዲት ሴት ደግሞ ከጉሙ እየወጣች፣ በልጆቹ መሀል ወደ ከተማው ትመጣለች። መጀመሪያ ነጠላዋ ታየኝ፣ ከዚያ በክንዷ ያቀፈችው ደብተር። አጠገቤ ስትደርስ ቆመች። ፊቷን ያወቅኩት የነጠላዋን ጫፍ ስትነክስ ነው።

«ቲቸር፣ አወቁኝ?»

አቀፍኳት።

ቤት ገብታ ተቀመጠች። የማታው ክፍል መመዝገቧን ነገረችኝ፤ ከመቅደስ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተዋል። ባሏ ብዙ ተነታርኮ «እንግዲያ ሂጅ» ብሏታል። «ከልጄ ጋር ልፈተን ነው፤ ሰዉ ይስቅብኛል» አለች። እሷም ሳቀች።

ከዚያ ከደብተሯ አንድ ቅጠል ቀድዳ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «የቤት ሥራዬን አላስረከብሁም ነበር» አለች።

እንግሊዝኛው ዝጎ ነበር፤ ግን ቆሞ ይሄዳል። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበብኩት። እንዲህ ነው የሚለው፤ «ታላቁ ጀልባውን እየጎተተ ወደ ታናሹ ሄደ። ታናሹ መቅዘፊያውን አመጣ። ሁለቱም ተሳፍረው ወደ ባሕሩ ሄዱ። ተረቱን የነገረቻቸው ልጅ ባሕሩ ዳር ቀረች። ማንም ዞሮ አላያትም።»

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ደህና ነው ልበላት? ይቅር በይኝ ልበላት? ነጥብ ልስጣት? ተነሥቼ መሳቢያዬን ከፈትኩ። ጋሽ ይማም አጅባር ሲሄዱ የተዉልኝ አረንጓዴ እስክሪብቶ ቀለሙ ደርቋል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ ከቤቴ አጥቼ አላውቅም። አንዱን አነሣሁ። ከግርጌው አንዲት ቃል ጻፍኩና ወረቀቱን መለስኩላት።

«ከዚያስ?»

እታገኝ ቃሏን ብዙ አየቻት። ጣቷን አስጠግታ ነካቻት።

«ጋሽ ይማም» አለች።

«እሳቸው ናቸው» አልኳት።

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ደጅ የመጨረሻዎቹ ልጆች ድምፅ ወደ ገጠሩ እየራቀ ነበር። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች፣ ወረቀቱን አስተካክላ አስቀመጠች፣ እጇን ዘረጋችልኝ።

«እስክሪብቶውን ያውሱኝ» አለች።

ሰጠኋት። አቀርቅራ መጻፍ ጀመረች።